ላቲኖ ወላጆች ልጃቸውን ኮሌጅ ሲያስመርጡ እንዴት እናግዛቸው?

በአሜሪካ ላቲኖ፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ቤተሰቦችን የምታግዙ ከሆነ ከልጁ ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ አትለያዩ። በብዙ ቤት እናት፣ አባት፣ አንዳንዴም አያት ይመክሩበታል። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ገቢና መኖሪያ ፈቃድ ሲጠየቅ ያሳፈረውን ይዘለዋል። ስፓኒሽ የሚችል ሰው ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ።

ብዙ ቤተሰብ የኮሌጁን ዋጋ አይቶ ሳያመለክት ይቀራል። ያ ዋጋ ግን ሁሉም የሚከፍለው አይደለም። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተጣራ ወጪ ማስያ፣ ማለትም እርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምተውን ቅጽ፣ አብራችሁ ሙሉ።

ቀጥሎ ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል እርዳታ ቅጽ ነው፤ በስፓኒሽም አለ። ወላጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለግለሰብ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ባይኖረውም ዜጋ የሆነ ልጅ ማመልከት ይችላል፤ ወላጁ ወረቀት (ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ) ከሌለው ግን ቅጹ ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። እዚህ ላይ በጣም የሚያስቸግረው ስም ነው። ላቲኖዎች ብዙ ጊዜ የአባትንም የእናትንም የቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ አንዱ ከተዘለለ ወይም ቦታው ከተቀያየረ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር አይገጥምም፣ ማመልከቻውም ይጓተታል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ጻፉ።

ልጁ ራሱ ወረቀት ከሌለው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። የክፍለ ግዛቱን ሕግ ፈልጉ፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች የክፍለ ግዛቱን እርዳታ የሚጠይቁበት የራሷ የድሪም አክት ማመልከቻ አላት።

የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲደርሱ የማይመለሰውን ግራንት ከብድር ለዩ፤ ደብዳቤው ሁለቱን ደምሮ «እርዳታ» ሊላቸው ይችላል። በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም የሚወስደው የፌዴራል ብድር አብዛኛውን ጊዜ ከ5,500 ዶላር አይበልጥም።

«ልጄ ከቤት አይራቅ» ለሚል ወላጅ በአቅራቢያው ያለ ኮሌጅ ስንቱን ተማሪ እንደሚያስመርቅ አሳዩት፤ ከሩቁም ጋር ያነጻጽር።