ማርቆስ ላይ ስኮኔን እንዴት አስተካከልኩት

ስኮን በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ትንሽ ዳቦ ነው። የእኔ ግን ኦቨን ውስጥ ከፍ ይልና ሲወጣ ሟሽሾ ያርፋል። ውስጡም ድርቅ ያለ ነው። ዱቄት ብቀይርም ያው።

ዋናው ምክንያት ከፍታው ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ሊጡ ሳይጠና ጋዙ ያመልጣል፣ ስኮኑም ይወድቃል። እርጥበትም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ከ3 የሻይ ማንኪያ ወደ 2 አወረድኩ፤ ወተቱን ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ከፍ አደረግኩ።

ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይሁን። ዱቄቱን በኩባያው አትዛቁት፤ ይጠቀጠቅና ይበዛል። በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉና አፉን በቢላዋ ጀርባ አስተካክሉት። ያኔ አንድ ኩባያ 125 ግራም አካባቢ ይሆናል።

የቀረው ቀላል ነው። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ ቆንጠር ጨው፣ ሲሶ ኩባያ ቅቤ። ቅቤው ያልተነጠረ ለጋ ይሁን፤ ቅመም የገባበት ሽታው ሁሉን ይውጣል። ደግሞ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የማርቆስ ጠዋት ለዚህ የተፈጠረ ነው! በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ፈርፍሩት፣ ወተቱን ጨምሩና ሳታሹ ሰብስቡት። ከታሸ ይጠነክራል። በ220 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትኩሱን ከፈል አድርጋችሁ የጎጃም ነጭ ማር ቀቡት።