«እርጅና ነው» ብለን ያለፍነው፦ በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አባቴ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከጊዜ በኋላ ግን ሃያ ደቂቃ ይፈጅበት ጀመር። እርምጃው አጠረ፤ እግሩ ከመሬት አልላቀቅ አለው። ያ ጨዋታ ወዳድ ሰው ዝምታ አበዛ። ስንጠይቀው መልሱን ያውቀዋል፤ ግን ይዘገያል። ሁላችንም «እርጅና ነው» አልን። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነሳ። ሐኪሟ ምስሉ ላይ የተበታተኑ ነጫጭ ምልክቶች አሳየችን። የአንጎሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ታመው ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት የእኛው ነው፤ ለውጡን ሁሉ በዕድሜ አሳበብን። ሁለተኛውም የእኛው ነው። የምንጠብቀው መርሳትን ብቻ ነበር። «የሁላችንንም ስም ያውቅ የለም እንዴ!» እንባባል ነበር። ይህ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ በመርሳት አይጀምርም። ሐሳብ ይዘገያል፤ ሁለት ነገር ባንዴ መከታተል ይከብዳል። አካሄድ ይለወጣል፣ ሽንት ያጣድፋል፣ የነገሮች ጉጉት ይጠፋል። ሌሎች በሽታዎችም እነዚህን ምልክቶች ስለሚያመጡ መመርመር ግድ ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስንቅ አይቋጥርም፤ ደም ሳይቋረጥ ሊደርሰው ይገባል። አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚሄዱት ቀጫጭን ሥሮች ሰፋ ብለው ደም ይጨምሩለታል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠልቀው የሚገቡት ሥሮች ውፍረታቸው በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሚነሱት በቀጥታ ከትልልቆቹ ሥሮች ስለሆነ የደም ግፊቱ ሳይበርድ ያገኛቸዋል። ለዓመታት ሲመታቸው ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደርቃል፤ መተላለፊያው ይጠብባል፤ እንደ ድሮው መስፋትም ያቅታቸዋል። በተለይ የሚጎዳው የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ነጩ ክፍል ነው። መስመሩ ሲበላሽ መልእክቱ ይዘገያል። አባቴ መልሱን እያወቀ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

«ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው።» ይህችን አባባል እፈራታለሁ። አባቴ የግፊት ኪኒኑን የሚውጠው ራሱን ባመመው ቀን ብቻ ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማም። ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንኩ» ብሎ ማቆምም ያው ነው፤ የተስተካከለው እኮ በመድኃኒቱ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የሚወድ ይብላ፤ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተኩም። ጸበል የሚጠመቅም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ።

በ2019 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር፤ ከ9,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ ቀላል የአስተሳሰብ መዳከም ቀንሶላቸዋል፤ ነጫጮቹ ምልክቶችም ያደጉት በዝግታ ነው። ይህን ሰምቶ ግን በራስ ፈቃድ ኪኒን መደራረብ ሌላ ስህተት ነው። ጥናቱ የስኳር ሕመምተኞችንና ቀደም ሲል ስትሮክ የመታቸውን አላካተተም። ደግሞም ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት የለመደ አንጎል ግፊቱ ድንገት ሲወርድበት ደም ሊያጥረው ይችላል፤ ሰውየው ያዞረውና ይወድቃል። ለእርስዎ የሚሆነውን ቁጥር ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ስንለካም እንሳሳታለን። ደረጃ ወጥተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ በሹራብ ላይ አስረን፣ እያወራን። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር። 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ፤ ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ። የሚለካው ክንድ ራቁቱን ሆኖ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ቁጥሩን ጽፈው ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

አስፕሪንን «ደም ያቀጥናል» ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መጀመርም የተለመደ ነው። እነዚህ ሥሮች መጥበብ ብቻ ሳይሆን መድማትም ይችላሉ። በ2012 በታተመ ጥናት ከትንንሽ ሥሮች መዘጋት የመጣ ስትሮክ ላለባቸው ሰዎች ከአስፕሪን ጋር ክሎፒዶግረል የሚባል ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ሲጨመር ስትሮኩ በጉልህ አልቀነሰም፤ መድማቱ ግን ጨመረ። ሐኪም ካዘዘልዎ ደግሞ በራስዎ አያቁሙ።

ጨው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለን። ሲጋራና በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመምም እነዚሁኑ ሥሮች ይጎዳሉ።

የስትሮክ ምልክት ታይቶ «ለቀቀኝ» ብሎ ቤት መቀመጥ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። አፍ ጠመም ካለ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቢለቅም እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ንፋስ መታኝ ብሎ ማሸት ጊዜ ያባክናል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

የመጨረሻውን ስህተት ምርመራው ከታወቀ በኋላም ስሠራው ነበር። አባቴ መልስ ሲፈልግ እኔ ቸኩዬ እመልስለት ነበር፤ ሐኪሟ ፊት ሳይቀር። እሷ ናት እጇን አንስታ «ተይው፣ ይጨርስ» ያለችኝ። አሁን ጠዋትና ማታ ግፊቱን ራሱ ይለካል። ደብተሩን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቁጥሩን ከመሣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ያነብልኛል። እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እጽፋለሁ።