የአርጀንቲና ፔሶና የብራዚል ሬያል የቀድሞ ምንዛሪ እንዴት ይሰላል?

አርጀንቲናና ብራዚል ድንበርተኛ ብቻ ሳይሆኑ የቅርብ የንግድ ሸሪኮችም ናቸው። ሆኖም የአንዱ ገንዘብ በሌላው ሲመነዘር በዚህ ወይም በዚያ ዓመት ስንት እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምንጩ ያልተገለጸ አንድ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ተቀብሎ በጥናት ወይም በሒሳብ መዝገብ ላይ ማስፈር አደገኛ ነው። መረጃውን የሁለቱ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች በድረ ገጻቸው በነጻ ስለሚያወጡት ራስዎ ማስላት ይችላሉ።

1. ቀኑን ይወስኑ። ሁሉም ሰንጠረዦች የሚሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ አስቀድመው ይለውጡት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ተመን ስለማይወጣባቸው ከዚያ በፊት ያለውን የመጨረሻ የሥራ ቀን ይውሰዱ። የሁለቱ አገሮች በዓላት አንድ ስላልሆኑ ሁለቱም ባንኮች ክፍት የነበሩበትን ቀን ይምረጡ።

2. በዚያ ቀን የነበረው ገንዘብ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። የዛሬው ፔሶ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ሲሆን፣ ሬያል የመጣው ደግሞ ጁላይ 1 ቀን 1994 ነው። ከዚያ በፊት የዋጋ ንረት በበረታ ቁጥር ሁለቱም መንግሥታት አብዛኛውን ጊዜ ዜሮዎችን እየቀነሱ አዲስ ገንዘብ ያወጡ ነበር። በአርጀንቲና 10,000 አውስትራል አንድ ፔሶ ሆነ፤ አውስትራል ራሱ በ1985 የመጣው 1,000 የቀድሞ ፔሶ ተክቶ ነው። በብራዚል በ1986 ክሩዛዶ፣ በ1989 አዲስ ክሩዛዶ፣ በ1990 እንደገና ክሩዜይሮ፣ በ1993 ክሩዜይሮ ሬያል ተፈራረቁ፤ በመጨረሻም 2,750 ክሩዜይሮ ሬያል በአንድ ሬያል ተተካ። ስለዚህ የ1988 ዋጋ የሚፈልጉ ከሆነ ሰንጠረዡ በዘመኑ ገንዘብ ይሁን በዛሬው የተጻፈ ሳያረጋግጡ አንድም ስሌት አይጀምሩ።

3. በዶላር በኩል ይሻገሩ። የሁለቱም ገንዘቦች ዋጋ በዋናነት የሚመዘገበው በአሜሪካ ዶላር ነው። አንድ ዶላር የሚያወጣውን ፔሶ አንድ ዶላር ለሚያወጣው ሬያል ያካፍሉ፤ ውጤቱ የአንድ ሬያል ዋጋ በፔሶ ነው።

በ1998 መጨረሻ አንድ ዶላር በአርጀንቲና በሕግ ከአንድ ፔሶ ጋር እኩል ነበር፤ በብራዚል 1.21 ሬያል ገደማ ያወጣ ነበር። 1 ለ1.21 ሲካፈል 0.83 ይሆናል። በጃንዋሪ 1999 ብራዚል ገንዘቧን ለገበያ ለቀቀች፤ በዓመቱ መጨረሻ ዶላር ወደ 1.79 ሬያል ስለደረሰ አንድ ሬያል 0.56 ፔሶ ብቻ ሆነ። ፔሶ ከዶላር ጋር ታስሮ ስለነበረ መላወሻ አልነበረውም፤ ለብራዚል ገበያ የሚያመርቱ የአርጀንቲና ፋብሪካዎች ዕቃ በድንገት ተወደደ። ማሰሪያው በጃንዋሪ 2002 ተበጠሰ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ዶላር በአርጀንቲና ወደ 3.4 ፔሶ፣ በብራዚል ወደ 3.5 ሬያል ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሬያል አንድ ፔሶ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እነዚህ ሦስት ማካፈሎች በአራት ዓመት ውስጥ በሁለቱ አገሮች መካከል የሆነውን ከብዙ ገጽ ትረካ በላይ ያሳያሉ።

4. ይፋዊውን ከጥቁር ገበያው ይለዩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አርጀንቲና ከ2011 መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 2015፣ እንደገናም ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ለዓመታት የውጭ ምንዛሪ ግዢን ገድባ ነበር። ባንክ የሚለው ሌላ፣ መንገድ ላይ የሚገኘው ሌላ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አርጀንቲናውያን የጥቁር ገበያውን ተመን «ዶላር ብሉ» ይሉታል። በዲሴምበር 2023 አዲሱ መንግሥት ይፋዊውን ተመን ከ366 ወደ 800 ፔሶ ሲያወጣው፣ 4.95 ሬያል ገደማ በነበረው ዶላር ሲሰላ የአንድ ሬያል ዋጋ ከ74 ወደ 162 ፔሶ ገደማ ዘለለ። በጥቁር ገበያው ግን ዶላር ቀድሞውኑ ወደ 1,000 ፔሶ ነበር፤ ይህም ሬያልን 200 ፔሶ ገደማ ያደርሰዋል። የጉምሩክ ሰነድ የሚያጠና ይፋዊውን ይውሰድ። ተራው ቤተሰብ ምን ይከፍል እንደነበር የሚጠይቅ ግን ያለ ጥቁር ገበያው ተመን እውነቱን አያገኝም።

5. ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ያንብቡ። በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ ሰንጠረዦች ነጥብ ሺሕን ይለያል፣ ኮማ ደግሞ አሥርዮሽን፤ 1.250,50 ማለት አንድ ሺሕ ሁለት መቶ ሃምሳ ከግማሽ ነው። የብራዚሉ ተመን ፕታክስ ይባላል፤ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ አለው። በሁሉም ስሌትዎ አንዱን ብቻ ይዘው ይቀጥሉ። የወር አማካይ ለተረጋጋ ጊዜ ይበቃል፤ እንደ ዲሴምበር 2023 ላለ ወር ግን በየትኛውም ቀን ያልነበረ ዋጋ ስለሚሰጥ የዕለቱን ይጠቀሙ።

6. ያመሳክሩ። ሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች ከ2008 ጀምሮ ነጋዴዎች በየአገራቸው ገንዘብ ክፍያ የሚፈጽሙበት ሥርዓት አላቸው፤ ለዚያም በቀጥታ የፔሶና የሬያል ተመን ያወጣሉ። ከይፋዊ ተመኖች ያገኙት ውጤት ከዚህ ጋር ቢቀራረብ ሥራዎ ትክክል ነው። በሰፊው ከራቀ በአብዛኛው ምክንያቱ የተለያየ ቀን ወይም የተገላበጠ ማካፈል ነው። በመጨረሻም ከውጤቱ አጠገብ ቀኑን፣ የተመኑን ዓይነትና የወሰዱበትን ባንክ ይጻፉ።