በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ለሚጓዝ ሰው ስንት ዓመት ያልፋል? ራሳችሁ አስሉት

ስለ ጊዜ መዘግየት፣ ማለትም በጣም በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ሰዓት ከእኛ ሰዓት ዘግይቶ ስለመቁጠሩ፣ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልመዱ፦ «በማን ሰዓት?» ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ይህን ሳይጠይቅ ስለሚጀምር ነው።

እስቲ ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙ። 4 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ4 ዓመት የሚጓዘውን ርቀት) ወደሚርቅ ኮከብ በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ የምትበር መንኮራኩር አለች እንበል። ፍጥነቱን 0.8 ብላችሁ ጻፉ። በራሱ ስታባዙት 0.64፣ ያንን ከ1 ስትቀንሱ 0.36፣ የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 0.6 ነው። በቃ፣ ዋናው ሥራ አለቀ። ምድር ላይ በቀረነው ሰዎች ሰዓት ጉዞው 4 ሲካፈል ለ0.8፣ ማለትም 5 ዓመት ይፈጃል። በተጓዡ ሰዓት ግን 5 ሲባዛ በ0.6፣ 3 ዓመት ብቻ። ደርሶ መልስ ለእኛ 10፣ ለእሱ 6 ዓመት ይሆናል።

ያው ስሌት በ0.99 ሲሠራ ልዩነቱ ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። በአውሮፕላን ፍጥነት ደግሞ ከምንም አይቆጠርም፤ በ1971 የአቶሚክ ሰዓቶችን በአውሮፕላን ዓለምን አዙረው የለኩት ልዩነት በቢሊዮንኛ ሰከንዶች የሚቆጠር ነበር።

አደራ፣ ተጓዡ ነገሮች ሲዘገዩ ይሰማዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ልቡ እንደወትሮው ይመታል፣ ሰዓቱም እንደወትሮው ይቆጥራል። ታዲያ 4 የብርሃን ዓመትን እንዴት በ3 ዓመት ጨረሰው? ከብርሃን ቀደመ እንዴ? አልቀደመም። ለእሱ ርቀቱ ራሱ አጥሯል፤ 4 በ0.6 ሲባዛ 2.4 የብርሃን ዓመት ነው፣ ይህን በ0.8 ፍጥነት ሲሄድ ልክ 3 ዓመት ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ መስጠታቸው እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይፈጠራሉ፣ ዕድሜያቸውም በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ቢበሩም፣ ጊዜያቸው ባይዘገይ ኖሮ በአማካይ 660 ሜትር ገደማ ሄደው ይጠፉ ነበር። ግን በብዛት መሬት ይደርሳሉ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ለተጓዡ የምንርቀው እኛ ነን፣ ስለዚህ በእሱ ልኬት የሚዘገየው የእኛ ሰዓት ነው። በእኛ ልኬት ደግሞ የእሱ። ሁለታችንም ልክ ነን። ታዲያ ሲመለስ ለምን እሱ ብቻ ወጣት ይሆናል? እኛ ከምድር አልተንቀሳቀስንም፣ እሱ ግን ኮከቡ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አስነስቶ ዞሯል። የዞረውም እሱ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ከወንበሩ ጋር ያጣበቀው ግፊት ይነግረዋላ።