ጡት የሚጠባ ጨቅላ ቢጫ ሲሆን፦ ምልክት፣ ምክንያት፣ መፍትሔ

ምልክት፦ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ሆነ።
ይኼ ከአመጋገብ ጋር አይያያዝም። ሾተላይ፣ ሌላ የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል!

ምልክት፦ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቢጫነቱ ከፊቱ ወደ ሆዱ ወረደ፤ ልጁም እንቅልፍ አበዛ።
ደጋግሜ የማየው ይኼንን ነው። ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባል ንጥረ ነገር ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በካካ ነው። ልጁ በደንብ ካልጠባ የመጀመሪያው ጥቁር ካካ አንጀቱ ውስጥ ይቆይና ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ችግሩ የጡት ወተት መሆኑ ሳይሆን የሚጠባው ማነሱ ነው።

አመጣጡ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አራሷ በማግስቱ ቤቷ ትገባለች፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ቢጫነቱን የሚያይ የለም። "ወተቷ ገና አልወረደም" ተብሎ እንገሩ ይጣላል፣ ስኳር ውሃ በጡጦ ይሰጣል። ልጁ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም!" ይባላል። እኛ ጋ ሲደርስ 3.2 ኪሎ የተወለደው 2.8 ገብቷል፤ ዳይፐሩ ላይ ብርቱካናማ የሽንት ነጠብጣብ አለ፣ ካካውም ገና ጥቁር ነው። እባካችሁ፣ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የጠገበ አይደለም።

መፍትሔው ማጥባት ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ከተኛ ልብሱን አውልቃችሁ፣ የውስጥ እግሩን እያሻችሁ ቀስቅሱት። አፉን በሰፊው ከፍቶ ከጡቱ ጫፍ ጋር ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩንም ይጉረስ፤ ሲውጥ ይሰማችሁ። ጫፉን ብቻ ከያዘ እናት ትቆስላለች፣ ልጅም አይጠግብም። እንገር አይጣል! በመጀመሪያው ቀን በአንዴ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል፣ ጥቁሩንም ካካ ያስወጣል። መጥባት ካቃተው ታልቦ በንጹሕ ሲኒ ይሰጠው። የዱቄት ወተት ባለሙያ ክብደቱን አይቶ ካዘዘ ብቻ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ። ስኳር ውሃ፣ ቅቤ፣ አብሽ አይሰጥ! ውሃ ቢሊሩቢን አያወርድም፣ የጡቱን ቦታ ይሻማል እንጂ። በ5ኛው ቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ከሸናና ካካው ወደ ቢጫ ከተለወጠ እየጠገበ ነው።

ይኼ ሁሉ ምርመራን አይተካም። ቢሊሩቢኑ ይለካ። የጠዋት ፀሐይ እያሞቁ ቀናት ማሳለፍ ይቅር፤ ከፍ ላለ ቢሊሩቢን ፀሐይ ሕክምና አይደለም። ፎቶቴራፒ (በሰማያዊ መብራት የሚሰጥ ሕክምና) ከታዘዘ ደግሞ ከዳይፐሩና ከዓይን መሸፈኛው በቀር ራቁቱን ይሁን። "ይበርደዋል" ብሎ ጋቢ ጣል ማድረግ መብራቱን ከንቱ ማድረግ ነው። አምፖል ሰማያዊ ስለበራ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚተው ክፍልም ያናድደኛል፤ ጉልበቱ እያደር ስለሚደክም በመለኪያ መታየት አለበት።

ምልክት፦ ከ2 ሳምንት በኋላም ቢጫ ነው፤ ግን ይጠባል፣ ክብደቱም ይጨምራል።
ብዙ ጊዜ የጡት ወተት ቢጫነት ነው፤ እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል። ጡት አታቋርጡ። ሆኖም የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ካካው ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ የሐሞት ቱቦ መዘጋት ሊሆን ይችላል። የዚህ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚሳካው 2 ወር ሳይሞላው ነው።

ምልክት፦ አልነቃም ወይም አልጠባም አለ፣ ጩኸቱ ቀጠነ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተለጠጠ።
ቢሊሩቢኑ አንጎሉን እየነካ ነው። ለማጥባት እየሞከራችሁ ቤት አትቆዩ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት።