ከእንክብካቤ ተቋም የወጣ ሰው ሲቀበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት በተቋም የኖረ አካል ጉዳተኛ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከልባቸው የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

ተቋሙ ያደረሰበትን ጉዳት ተፈጥሮው አድርጎ መቁጠር። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምግብ ቀርቦለት «ብላ» እስኪሉት እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሲፈቀድለት ሳህኑን በክንዱ ከልሎ በጥድፊያ ይጎርሳል። ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቅዳል፤ ያልተቆለፈ በር ፊት ቆሞ ከፋች ይጠብቃል። ቤተሰቡም «ምን ይደረግ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለበት ነው» ይላል። አይደለም! መብላቱም መተኛቱም በሌላ ሰው ሰዓት ሲወሰን የኖረ ማንም ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ራስል ባርተን በ1959 እ.ኤ.አ. ይህንን የተቋም ኑሮ ራሱ የሚያመጣው ችግር ነው ብሎ ከታማሚዎቹ የአእምሮ ሕመም ለይቶ ጽፎታል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከሕፃናት ማሳደጊያ በተመረጡ 136 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፤ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የተወሰዱት፣ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት፣ በአእምሮ እድገት እዚያው ማሳደጊያ ከቀሩት በልጠው ተገኝተዋል።

ዝምታውን እንደ ጨዋነት ማየት። አልቅሶ ማንም ያልመጣለት ሕፃን ማልቀሱን ይተዋል። ትልቅ ሰውም እንደዚያው ነው።

«ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቁ መወሰን። «እናንተ እንዳላችሁ» ቢልዎት አይገረሙ፤ ሲጠየቅ ኖሮ አያውቅም። ሰማያዊና ነጭ ሸሚዝ አልጋው ላይ ዘርግተው ዝም ይበሉ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅበትም አይቸኩሉ፤ እጁ ወደ አንዱ ሲዘረጋ ያያሉ።

ችግሩ የሕንፃው ትልቅነት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ። በኒውዮርክ የነበረው ዊሎውብሩክ የተባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም ለ4,000 ሰው ተሠርቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ወደ 6,000 ሰው ታጭቆበት ነበር፤ በ1987 ተዘጋ። ተቋም ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው እንዲህ ያለውን ነው። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 8 ሰው የሚኖርበት ቤት፣ የአንድ ሰው ቤትም ቢሆን፣ የተቋም አሠራር ካለበት ራስን ችሎ መኖር ሊባል እንደማይችል ግልጽ አድርጓል። የእርስዎም ቤት ከዚህ ውጭ አይደለም። መቼ እንደሚተኛ፣ ማን መጥቶ እንደሚጠይቀው፣ ገንዘቡ በምን እንደሚውል የሚወስኑት እርስዎ ከሆኑ፣ ሰውየው ገና ከተቋም አልወጣም። የክፍሉን ቁልፍ ለራሱ ይስጡት፤ ሊገቡ ሲሉም በሩን አንኳኩተው «ግቡ» እስኪልዎት ይቁሙ።