ለማዳቀል ጽጌረዳ ስትመርጡ መጀመሪያ ፍሬዋን እዩ

ሰው ጽጌረዳ ላዳቅል ሲለኝ ብዙ ጊዜ የሚወዳቸውን ሁለት አበቦች ይዞ ይመጣል፤ «ይቺን ቀይ ከዚያች ቢጫ ጋር ባጋባትስ?» ይለኛል። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ለመሆኑ ቀይዋ ፍሬ ይዛ ታውቃለች?

እናት፣ ማለትም የወንዴ ብናኝ ተቀብላ ፍሬ የምትይዘው ተክል፣ የምትመረጠው በፍሬዋ ነው። የጠወለገ አበባ ወዲያው የመቁረጥ ልማድ ካላችሁ ለአንድ ወቅት ተዉት። የአበባው ቅጠሎች ከረገፉ በኋላ ከሥራቸው ያለችው ጉብታ አረንጓዴ ሆና እየወፈረች ከሄደች፣ በኋላም ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ቀይ ካደላች፣ ተክሏ ለእናትነት ትሆናለች። ሁልጊዜ ቢጫ እየሆነች የምትረግፍ ከሆነ ግን በእናትነት አትድከሙባት። የበሰለውን ፍሬ ሰንጥቃችሁም እዩ፤ ከላይ ድቡልቡል ብሎ ውስጡ አንዲት ዘር ብቻ የሚገኝበት አለ። ደህና ዘር የምትሰጥ እናት ካገኛችሁ አበባዋ መካከለኛም ቢሆን አትልቀቋት፤ ውበቱን አባት ያመጣዋል። አሜሪካዊው የጽጌረዳ አዳቃይ ግሪፊት በክ ያወጣት «ኬርፍሪ ቢዩቲ» ለጀማሪ የምመክራት ለዚህ ነው፤ ፍሬ በቀላሉ ትይዛለች፣ ቅጠሏም ጤነኛ ነው።

የአባት፣ ማለትም ብናኝ የሚሰጠው ተክል፣ ፈተናው ሌላ ነው። በአበባ ቅጠል ጥቅጥቅ ያሉት ዝርያዎች ለዓይን ግሩም ናቸው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ቅጠል የበዛው የወንዴው አካላት ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጡ ነው፣ ስለዚህ ብናኛቸው ጥቂት ነው። ለመፈተሽ ሊፈነዳ የተቃረበ እንቡጥ ቅጠሎቹን ንቀሉና መሃል ያሉትን ትንንሽ ቢጫ ከረጢቶች በመቀስ ጫፍ ወደ ጥቁር ሰሃን አራግፏቸው። ደረቅ ጥላ ውስጥ አሳድሯቸው። በማግስቱ ሰሃኑን ነቅነቅ ስታደርጉት ከረጢቶቹ ተሰንጥቀው ቢጫ ዱቄት ከተነሰነሰ አባት አግኝታችኋል። ደርቀው ዱቄት ካልወጣቸው ሌላ ፈልጉ።

ስለ ክሮሞሶም፣ በሕዋስ ውስጥ ውርስ ስለሚሸከሙት ክሮች፣ ብዙ ማወቅ አያስፈልግም፣ አንድ ነገር ግን ያዙ። አብዛኞቹ ዘመናዊ የአትክልት ጽጌረዳዎች፣ ትልልቅ አበባ ያለው «ሃይብሪድ ቲ» ሆነ በዘለላ የሚያብበው «ፍሎሪባንዳ»፣ 28 ክሮሞሶም አላቸው። እንደ ሮዛ ሩጎሳና ሮዛ መልቲፍሎራ ያሉት የዱር ዝርያዎች ደግሞ 14። ሁለቱን ብታገናኙ ልጆቹ በአብዛኛው 21 ይይዛሉ፤ እነዚህ ፈጽሞ መሃን ባይሆኑም ዘር ለማግኘት ያስቸግራሉ። ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም ወላጆች ዘመናዊ ይሁኑ።

ሌላም ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የዱር ጽጌረዳዎች በዓመት አንዴ ብቻ ያብባሉ፤ ደጋግሞ የማበብ ባሕርይ ደግሞ ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይገለጥም። ስለዚህ አንዴ የሚያብብን ደጋግሞ ከሚያብብ ጋር ስታዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ባብዛኛው አንዴ ብቻ የሚያብብ ይሆናል፣ አበባውን ለማየትም ሁለት ሦስት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ሁለቱም ደጋግመው የሚያብቡ ከሆኑ ግን ችግኙ ገና ጣት ሳያክል፣ በበቀለ በጥቂት ሳምንታት የመጀመሪያ አበባውን ያሳያችኋል። ትዕግሥት ለሌለን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጤና ላይ ግን አልደራደርም። በ1900 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አዳቃይ ፐርኔ-ዱሼ ያወጣው «ሶሌይ ዶር» የተባለ ጽጌረዳ ደማቁን ቢጫ ከሮዛ ፌቲዳ፣ ከቢጫ አበባ ዝርያ፣ ወደ ዘመናዊ ጽጌረዳ አመጣው፤ አብሮት ግን ለጥቁር ነጠብጣብ በሽታ የመጋለጥ ድክመት ገባ። ቢጫ ከፈለጋችሁ ሌላኛው ወላጅ ቅጠሉ ንጹሕ ይሁን። ንጽሕናውንም መድኃኒት ሳትረጩ ፈትሹት፤ ሲረጭ የኖረ ተክል ማንነቱ አይታወቅም።

ቀለምን በተመለከተ ቀይና ቢጫ ብርቱካንማ ይወልዳሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የአያቶቹ ቀለም ብቅ ሊል ይችላል። ጥሩ መዓዛ ያላቸው ወላጆችም ሽታ የሌለው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ።

በአንድ ወቅት አንድ ሁለት እናትና ጥቂት አባት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቦታ ይጠባል። ፍሬው ለመብሰል አራት ወር ገደማ ስለሚፈልግ ብርድ ባለበት አካባቢ ቀድመው የሚያብቡትን እንቡጦች ተጠቀሙ። ባዳቀላችሁት አበባ ላይ በምታንጠለጥሉት መለያ የእናቲቱን ስም አስቀድሙ፣ ከዚያ የማባዣ ምልክት፣ ከዚያ አባት፤ በእርሳስ ጻፉት፣ እስክሪብቶ በዝናብና በፀሐይ ይጠፋል።